ያልበሰለው ክምር

ሳኪዩሳ ሌባ ነው። ፊት ለፊቱም እለዋለሁ፤ እሱም «ምን ታመጪ!» ይለኛል። በአንድ መንደር አጥር ለአጥር ጎረቤቶች ነን፤ የአባቶቹ ደሴትና የአባቶቼ ደሴት ግን ታውቩ ናቸው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንሰዳደባለን፣ ያማረንን እንነጥቃለን፣ የተነጠቀም አይቀየምም። እዚህ ፊጂ ውስጥ ከታውቩ አፍ የወጣ ቁም ነገር ደግሞ የሚያምን የለም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አውሎ ነፋሱ የመንደሩን አትክልት ጠራርጎ ከሄደ በኋላ፣ ከገበያ የተጣለ ቅጠል፣ የካሳቫ ልጣጭና የዶሮ ኩስ ከምሬ ኮምፖስት ሠራሁ። ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ! የበሰለውን ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ ቲማቲም ዘራሁበት፤ ችግኙ ሲያዩት ያስጎመጃል።

አንድ ጠዋት ሳኪዩሳ ጆንያ ይዞ ጓሮዬ ውስጥ ሲዝቅ ደረስኩበት። የሚዝቀው አዲሱን ክምር ነው፣ ገና እንፋሎት የሚተፋውን!

«አንተ የዓሣ አንጀት! እሱ አልበሰለም፣ ሥሩን ያቃጥልብሃል! ያኛውን ውሰድ!»

«አሃ! ጥሩውን ልትደብቂኝ ነው፣ አንቺ አሮጊት ሸርጣን?»

«እናቴ ትሙት እውነቴን ነው!»

«እናትሽማ ከሞቱ ቆዩ። እሳቸውም ውሸታም ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

ጆንያውን ተሸክሞ እየሳቀ ሄደ። ነፋሱ ያስተረፈለት አንድ ጭብጥ ዘር ብቻ ነበር። የሚበሉ አምስት ልጆች አሉት። ያለችውን ዘር በሙሉ እዚያ ያልበሰለ ኮምፖስት ላይ ዘራት።

ሰንብቶ መጣና ደጃፌ ላይ ቆመ። አልሰደበኝም።

«እትዬ ኡናይሲ፣ በቅሎ ነበር። ሁሉም ተቃጠለ። ሌላ ዘር የለኝም» አለኝ።

እትዬ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቀው እትዬ ብሎኝ አያውቅም። እንካ ብዬ ችግኝ ብሰጠው አይቀበልም፤ ታውቩ ይነጥቃል እንጂ አይመጸወትም።

«ምን ይገትርሃል?» አልኩት። «እኔ ወንዝ ልወርድ ነው። ጓሮ ሁለት ሣጥን ችግኝ አለ። አንተ ግን እንኳን ለእርሻ ለሌብነትም የማትረባ ሆነሃል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ወንዝ ዳር ያለ ሥራ ተጎልቼ ዋልኩ፤ ልብስ እንኳ ይዤ አልወረድኩም።

ስመለስ ሁለቱም ሣጥን የለም። የበሰለው ኮምፖስት ተጠርጎ ተወስዷል። አዲሱ አካፋዬ የለም። እንቁላል የምትጥልልኝ ዶሮም የለችም! አጥሩ ላይ ወጥቼ ድምፄ እስኪዘጋ ሰደብኩት። ከአጥሩ ማዶ የመለሰልኝ ስድብ በሰው ፊት የሚደገም አይደለም።

እፎይ አልኩ።