ሠንጠረዥ ያልቻላቸው ሽማግሌ

ትርሲት ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የመሬት ድንበር ምስክርነት መዝገብ ቤት የዳታቤዝ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ገና መንፈቅ አልሞላትም። አለቃዋ አቶ ዘሥላሴ ከአንድ ሥልጠና እንደተመለሱ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዳታቤዝ ውጭ የሚያድር ነገር አይኖርም!» አሉ።

ፎርሙ ገባ፤ ፎቶውም ገባ። በመጨረሻ የአቶ ወርቅአገኘሁ ቪዲዮ ተራው ደረሰ።

አቶ ወርቅአገኘሁ የአንኮበር ሰው ናቸው። ከአፋፉ እስከ ቆላው የማንን መሬት ከማን የሚለየው የትኛው ድንጋይ እንደሆነ አሟልተው የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲቀረጹ «ከሥሩ ካልጀመርኩ አልናገርም» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ተናግረዋል።

«ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል ቪዲዮ ሠንጠረዥ ውስጥ መክተት በሬን ጎተራ ውስጥ እንደ ማስገባት ነው» አለች ትርሲት።

«ሠንጠረዡ የመንግሥት ነው፤ ይችላል» አሉ አቶ ዘሥላሴ።

ገባ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን አንድ ባለጉዳይ ስልክ ቁጥሩን እንኳ ሊያስተካክል ቢመጣ፣ ሲስተሙ የአንኮበርን መዝገብ በከፈተ ቁጥር ሽማግሌውን ከነሙሉ ንግግራቸው ጎትቶ ያወጣ ጀመር። ሥራ ቆመ። ሰልፉ ከግቢው አልፎ አስፋልቱ ላይ ደረሰ።

ከአልዩ አምባ አቀበቱን ወጥቶ የመጣ ሐቢብ የሚባል ገበሬ የጠየቀው አንዲት ነገር ነበር፤ ከማሽላው ግርጌ ያለው ቦይ የእሱ ነው ወይስ የጎረቤቱ? ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ጠበቀ።

«ምን ላይ ደረሱ?» አለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

ትርሲት ስክሪኑን አየች። «ገና ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው።»

«ሱብሃነላህ! እኔ የጠየቅሁት እኮ ቦይ ነው!»

ትርሲት አፍራ ወደ አለቃዋ ገባች። «ጋሼ፣ ትልቁን ነገር ውጭ እናስቀምጠው። ሠንጠረዡ ውስጥ የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ብቻ ይግባ።»

አቶ ዘሥላሴ ብዙ አሰቡ። «ውጭ ስትዪ፣ ኮሪደሩ ይበቃል?»

የቀለዱ መስሏት ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቢሮ ስትገባ አቶ ወርቅአገኘሁ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደረታቸው ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፏል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። በመኪና አመጡኝና ‹ፋይል ነዎት› አሉኝ።»

ትርሲት እየቀፈፋት ቪዲዮውን ከሠንጠረዡ አወጣችና በቦታው «ኮሪደር፣ ሁለተኛ አግዳሚ» ብላ ጻፈች። የከፋው ነገር ደግሞ፣ ዘዴው ሠራ! ሐቢብ ተመልሶ ሲመጣ አድራሻው በዓይን ቅጽበት ወጣለት። «ቦዩ ያንተ ነው፤ ማዶ ያለችው ዋንዛ ግን የጎረቤትህ ናት» አሉት ሽማግሌው። እጃቸውን ስሞ ሄደ። በሳምንቱ ሰልፉ ጠፋ።

ችግሩ እሳቸው ለሽንት ሲነሡ ነው። ትርሲት መስኮቱ ላይ «ፋይሉ ለጊዜው አልተገኘም» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። ይህን ያዩት አቶ ዘሥላሴ «መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል» ብለው የሽማግሌውን ታናሽ ወንድም፣ አቶ ገብረአብን፣ አስመጥተው ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጡ። ወንድማማቾቹ በአንድ ድንጋይ እንኳ አልተስማሙም። አቶ ገብረአብ «ቅጂው የተበላሸ በመሆኑ» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ።

ኅዳር ሲገባ አቶ ወርቅአገኘሁ ከአግዳሚው ተነሡ።

«ፋይል ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም!» አሉ አቶ ዘሥላሴ በሩን ዘግተው።

«ገብሴ ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም፤ ይረግፋል።»

ትርሲት የሽማግሌውን ዓይን ማየት አቃታት። ቀስ ብላ የንብረት ቁጥሩን ከደረታቸው ላጠች። «ጋሼ፣ ፋይሉን አንነካም። አድራሻውን ብቻ ልቀይረው» አለችና ተመልሳ «አንኮበር፣ ከአፋፉ ሥር ያለው ቆርቆሮ ቤት» ብላ ጻፈች። አቶ ዘሥላሴ ሠንጠረዡን አይተው፣ ምንም እንዳልጎደለ አረጋግጠው በሩን ለቀቁ።

በዓመቱ ሪፖርት ላይ መዝገብ ቤቱ ለባለጉዳይ ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ እንደሚሰጥ ተጻፈ። እውነት ነው። ባለጉዳዩ ምላሹን ይዞ አንኮበር የሚሄድ አውቶቡስ ይሳፈራል።

ከአልዩ አምባ የሚመጡትማ ገና ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ በሽማግሌው ደጃፍ ነው የሚያልፉት። አቶ ወርቅአገኘሁ ከአውድማው ሆነው፣ «ኑ፣ እዚሁ ልንገራችሁ!» እያሉ ይጣራሉ።

«አይ አባባ» ይሏቸዋል አቀበቱን ሳያቋርጡ፣ «መጀመሪያ ሲስተሙ ወደ እርስዎ ይላከን።»