የልብ ሰው ጥቅል

ላይ ታች የሚባለው ሰው ሚስቱን ይፈራ ነበር ቢባል ስም ማጥፋት ይሆናል። እናቱንም እኩል ይፈራ ስለነበር ፍርሃቱ ለሁለት ተከፍሎ ለአንዳቸውም በቅጡ አይበቃም ነበር።

ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሥራው ሊፍት መግጠምና መጠገን ነው፤ ቀኑን ሙሉ በገመድ ተንጠልጥሎ ላይ ታች ሲል ይውላል። ቤቱ ሲገባም ያው ነው። እናቱ ምድር ቤት፣ እሱና ሚስቱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ስለሚኖሩ በደረጃው ላይ ታች ይላል። በደረጃው መባሉ በስህተት አይደለም፤ የዚያ ሕንፃ ሊፍት ከተበላሸ ቆይቷል። የሰውን ሊፍት ሲጠግን ውሎ የራሱን ሊፍት እያየ በእግሩ የሚወጣ ሰው በሰፈሩ እሱ ብቻ ነው። ሲጠየቅ፣ አከራዩ መለዋወጫ አልገዛም ካሉ እኔ ምን ላድርግ ይላል። እናቱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አራተኛ ፎቅን የሚያውቁት በወሬ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የውጭ አገር ሥራ ሲበዛበት፣ ከእንግዲህ ከአገር አገር እየዞርክ የምትገጥመው አንተ ነህ ተባለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። በመጀመሪያው ጉዞው በአሮጌው መስመሩ ከሚስቱ ጋር ስለ መጋረጃ፣ ከእናቱ ጋር ስለ ጉልበት ሲያወራ ሰንብቶ ተመለሰ። ከዚያ የስልኩ ሂሳብ መጣ። ደስታው ልክ ያገኘው ያኔ ነው። ሁለተኛው ጉዞ ሳይደርስ ለመንገደኛ የሚሆን ጥቅል ሊገዛ ወደ ስልክ ሱቅ ሄደ።

ሻጯ ምላሷ ቅልጥፍ ያለ ነው። አንደኛው ጥቅል ኢንተርኔት እንደ ልብ ይሰጣል፣ ተራ የስልክ ጥሪ ግን የለውም አለችው። እናቱ ስለ ኢንተርኔት የሚያውቁት ልጅ የሚያበላሽ ነገር መሆኑን ብቻ ስለሆነ ይህ አልሆነም። ሁለተኛው ብዙ አገር ያካትታል፤ አብዛኞቹ ግን ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ደሴቶች ናቸው። ደሴቶቹ ላይ ፎቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አታውቅም። ፎቅ ከሌለ ሊፍት የለም፣ ሊፍት ከሌለ እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ ብሎ ተወው። ሦስተኛው «የልብ ሰው» የሚባለው ነበር። የትም አገር ተሁኖ ወደ አንድ ቁጥር፣ ወደ አንድ ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ ቢወራ ሂሳብ የለውም። ወደ ሌላ ሰው ሲደወል ግን ሂሳብ ይቆርጣል፣ ደህና አድርጎ ይቆርጣል። የተመረጠው ቁጥር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይቀየርም።

ላይ ታች አገጩን አሻሸና፣ ሁለት የልብ ሰው ያለው ሰውስ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ሻጯ ቀና ብላ አየችውና እንደዚያ ያለ ሰው ጥቅል ሳይሆን ጠበቃ ነው የሚያስፈልገው አለችው። አስቤበት እመጣለሁ ብሎ ወጣ።

አፉ አያርፍምና እቤት እንደገባ ለሁሉም አወራው። እናቱ የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ሲሰሙ፣ እኔን ተወኝ፣ ሚስትህን አድርጋት፣ እኔ ብሞት እንኳ እሷ ትነግርሃለች አሉት። ይህን እያሉ ስልካቸውን በመሀረብ ይወለውሉ ነበር። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ መቀሷን አነሳችና አንድ ጣቃ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ስትቀደው ድምፁ ላይ ታችን ወገቡ ድረስ ተሰማው።

እውነቱን ለመናገር ሚስቱ የተቀየመችበት ነገር ቀድሞም ነበር። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ምድር ቤት ጎራ ይላል። እዚያ ይበላል፣ እዚያ ይስቃል፣ የውሎውን ወሬ እዚያ ይጨርሳል። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ የሚቀረው ማዛጋት ነው። አንድ ቀን፣ የእናትህ ልጅ መሆንህን አገር ያውቃል፣ የእኔ ባል መሆንህን ግን እስቲ አንዴ እንኳ በሰው ፊት አሳየኝ ብላዋለች። ይህ ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ቆረጠ፤ የልብ ሰው የምትሆነው ሚስቱ ናት፣ አብራው ሄዳም በዓይኗ ታያለች። ሲነግራት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለሠርግ እንጂ ለስልክ ሱቅ የማይለበስ ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

ሻጯ አሮጌውን ሲም ካርድ አውጥታ አዲሱን ከተተችና ስልኩን አበራችው። የላይ ታች ስልክ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት ብዙ ያስባል። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል።

«የልብ ሰውዎን ቁጥር ይንገሩኝ» አለችው ሻጯ።

ላይ ታች ስልኩን አየው። ስልኩ ገና እያሰበ ነው። ሚስቱ እዚያ ውስጥ የተመዘገበችው «ቤት» ተብላ ነው። «ቤት» የሚለውን ይጫናል፣ እሷ ታነሳለች፣ አለቀ። ከዚያ ጀርባ ቁጥር የሚባል ነገር መኖሩን አስቦት አያውቅም። ሻጯ ነገሩ ሲዘገይባት ወደ ሚስቱ ዞረች።

ሚስቱ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ «እሱ ይንገርሽ» አለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የማንም ሰው ስልክ የሚጀምርባቸው ስለሆኑ አላሳፈሩትም። ከእነሱ ወዲያ ያለው ድቅድቅ ጨለማ ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ዜማ መጣለት። ልጅ ሳለ እናቱ፣ ገበያ መሀል ብትጠፋ ላገኘህ ሰው ይህን ንገር ብለው የስልካቸውን ቁጥር በዜማ አስጠንተውት ነበር። ያኔ በቤቱ የነበረው ስልክ ያ የእናቱ ሞባይል ብቻ ነው፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ላይ ታች እንደ ጠፋ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። ተናገረው ማለት አይቻልም፤ ዘፈነው። ሻጯ ሳቋን እየዋጠች መታችውና ተመዝግቧል፣ እንኳን ደስ ያለዎት አለችው።

ሚስቱ የአማቷን ቁጥር አሳምራ ታውቀዋለች። ላይ ታች ይሰረዝልኝ ብሎ ሻጯን ለመነ፣ ተለማመጠ። ሻጯ አዘነችለት፤ ሲስተሙ ግን አላዘነለትም።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሚስቱ ቆመች።

«የአንገትህን ልክ በቃሌ አውቃለሁ» አለችው። «የእጅጌህን ርዝመት አውቃለሁ። ስልክህን ከእንቅልፌ ቀስቅሰህ ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ። አንተ ከተጋባን ጀምሮ «ቤት» ስትጫን ኖረሃል።»

ከዚያ ወዲያ ጭጭ አለች። የጉዞው ቀን ሸሚዞቹን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት፤ ደህና ግባ የሚል ቃል ግን አላወጣችም።

ላይ ታች በሰው አገር አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሊፍት ሲገጥም፣ እናቱ የልብ ሰው መሆናቸውን ለሕንፃው ነዋሪ ሁሉ አዳረሱ። ነጻ ነውና ጠዋት ይደውልላቸዋል፣ ምሳ ሰዓት ይደውላል፣ ማታ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ቀጥሎ አከራዩን አሙ። ከዚያ ምን በላህ፣ ምን በላሽ ሆነ። በመጨረሻ ወሬው ተሟጠጠና ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ አንዱ የአንዱን ትንፋሽ ያዳምጥ ጀመር። እናቱ የሚወዱት ተከታታይ ፊልም በሚጀምርበት ሰዓት ሳያዛንፍ መደወሉም አበሳጫቸው። እሱ ደግሞ መሀል ላይ፣ ሚስቴ እንዴት ናት፣ ዛሬስ ወደ አንቺ ወርዳለች ብሎ መጠየቁን አልተወም። አልወረደችም። እሷ ጋ ሲደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። ሆድ ባሰው።

የሚክስበት መንገድ ቢያጣ በገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ የሚስቱን ቁጥር ማጥናት ያዘ። ሰባቱን ሲይዝ ስምንተኛው ይጠፋዋል። አልገባ ሲለው ለእሱም ዜማ አወጣለት። ሊፍት ያልገባበት የሊፍት ጉድጓድ ደግሞ ድምፅ አይደብቅም፤ ላይ ያንጎራጎሩት ታች ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ቋንቋውን የማያውቁት የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ብረት ሲያወጡና ሲያወርዱ የሚስቱን ስልክ ቁጥር በኅብረት መዝፈን ጀመሩ።

ቁጥሩ በቃሉ ሲገባለት አለቃውን ስልኩን እንዲያውሰው ለመነው። የእኔን ስልክ ካየች አታነሳም፣ የማታውቀው ቁጥር ከሆነ ግን መጋረጃ ፈላጊ መስሏት ታነሳለች ብሎ አስቦ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ብቻ፣ አንድም ሳይሳሳት ደወለ።

«ሃሎ» አሉ እናቱ።

ላይ ታች ደንግጦ ዘጋው። ለካስ ጣቴም የእናቴ ልጅ ነው ብሎ ራሱን ረገመ። እንደገና እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብሎ እየጠራ መታ፤ ከታች ያሉት ሠራተኞች በዜማ አጀቡት። አሁንም ያነሱት እናቱ ናቸው።

«እማዬ፣ እኔኮ የደወልኩት ሚስቴ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ቁጥሯ እኔ ጋ ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ሰውነቱ እናትየውን ሰልችቷቸው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ደረጃውን ተያያዙትና በየፎቁ ተቀምጠው እያረፉ፣ ጉልበታቸውንና አከራዩን እየረገሙ አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ሚስቱ በሩን ከፍታ አማቷን ስታያቸው ሰው የሞተ መስሏት ጮኸች። እሳቸው ትንፋሻቸው ሲመለስ ስልካቸውን አውጥተው ሲም ካርዴን ንቀይው፣ ያንቺንም ለእኔ አድርጊልኝ አሏት። እምቢ ብትል አልሰሟትም። ተለዋወጡ።

«ልጄ፣ እወድሃለሁ፣ ግን ወሬ የለህም» አሉት እናቱ። «በሕይወትህ በቃልህ የያዝከው ቁጥር አንድ ነው፤ እሱን ሰጠኋት። እንግዲህ ብትጠፋ የምትደውለው ለእሷ ነው።»

ላይ ታች እባክሽ እሷን አቅርቢልኝ አላቸው። አጠገቤ ናት፣ ግን የያዝከው የሰው ስልክ፣ የምታቃጥለውም የሰው ሂሳብ ነው፣ በነጻው ደውልላት ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። የሰሙትን ዜማ ወደዱት መሰለኝ፣ ሲዘጉ እያንጎራጎሩት ነበር።

ለአለቃው ስልኩን መለሰና የራሱን አወጣ። «እማዬ» የሚለውን አልተጫነም። የልጅነቱን ዜማ በሆዱ እያለ ቁጥሩን አንድ በአንድ መታው። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«ማን ልበል?» አለች ሚስቱ፣ ማን እንደሆነ እያወቀች።

«ጠፍቼ ነው» አላት።

በአፍንጫዋ የምታፍነው ሳቅ መጣ፤ አፍና አፍና አቃታትና ለቀቀችው። ከኋላዋ እናቱ ምን አለሽ፣ ምን አለሽ ሲሉ ይሰማዋል።

«መለዋወጫውን ከዚያው ገዝተህ ቶሎ ናና ይህን ሊፍት ጠግን» አለችው። «እናትህ መውረድ አቅቷቸው አልጋህ ላይ ናቸው።»