ልዩነቱ «ተ» ናት

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ ላይ እንዳልረሳው ነው።

የምሠራው ዘር የሚመረምር መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ ይደረደራል፣ ሰባት ቀን ይጠበቃል፣ ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠራል። ደርዳሪዎቹና ቆጣሪዎቹ ሌሎች ናቸው፤ እኔ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ጽፌ ባሕር ማዶ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት እልካለሁ። ሦስተኛው ሪፖርቴ ተመልሶ መጣ። አርባ አንድ ቦታ በቀይ ተከቧል። «ዘሩ ተደረደረ» ካልኩበት ጎን «ማን ደረደረው?» ይላል። «ውሃ ተረጨ» ካልኩበት «ማን ረጨው?»። ወደ መጨረሻው «ማን?» ብቻ ነው፤ ሰውየው እጁ ሳይዝል አልቀረም። ከግርጌው አንድ መስመር ሰፍሯል፦ ከእንግዲህ በተገብሮ ግስ የተጻፈ ሪፖርት አንቀበልም።

ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን ይዘው ወደ ክፍሌ ሲመጡ የመውጫ ሰዓት ካለፈ አራት ደቂቃ ሆኖታል። ቦርሳዬን አንግቻለሁ። የታክሲው ሰልፍ በመስኮቱ ይታየኛል፤ በየደቂቃው በአንድ ሰው ይረዝማል። ተገብሮ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቋንቋ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ወንበር ስቤ፣ ወረቀት አውጥቼ በወጉ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን በሩን በእግሬ እንደያዝኩ፣

«ሰበረ ሲሉ ሰባሪው አለ፤ ተሰበረ ሲሉ ሰባሪው የለም። ልዩነቱ ተ ናት» አልኳቸው።

መዳፋቸው ላይ ጻፏት፣ ተን። ሲጽፏት አይቻለሁ። አይቼም ወጣሁ፤ ታክሲም አገኘሁ።

በማግሥቱ ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፎ ጠበቀኝ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በ‹ተ› የሚጀምር ግስ በዚህ ግቢ ውስጥ በጽሑፍም በንግግርም ክልክል ነው።» ተከልክሏል ማለት አይችሉማ። ሮጬ ቢሯቸው ገባሁና ተኛ፣ ተቀመጠ፣ ተናገረ የሚባሉት ግሶች ተ ቢኖርባቸውም አድራጊያቸው አብሯቸው እንዳለ ላስረዳቸው ሞከርኩ። መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ያልሽውን ነው የጻፍኩት» አሉ። እስክሪብቶው ገና አልለቀቀም ነበር። እንግሊዝኛውን ደግሞ ራሳቸው ቀይ ብዕር ይዘው መመርመር ጀመሩ። ማንበብ ይችላሉ፤ መጻፍ ላይ ግን ከፊርማቸው አያልፉም። የእንግሊዝኛው ተ አድርገው የቆጠሯትን «ዎዝ» የምትለዋን ቃል ባዩ ቁጥር እንደ ቅማል ይደፈጥጧታል።

ከግቢያችን መጀመሪያ የጠፋው ያለፈው ጊዜ ነው። «ተጣላሁ» ክልክል ነው፤ «እጣላለሁ» ግን በተ ስለማይጀምር ያልፋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ወደ ፊት ተዛወረ። ጸሐፊዋ ከትናንት ወዲያ ከባሏ ጋር እንደምትጣላ ነገረችኝ። አዘንኩላት፤ ታም የተ ዘር ስለሆነች «ታረቅን» ማለት አይቻልም፤ ዛሬም ነገም ሊታረቁ ነው፣ አይታረቁም ግን። የሠራተኛ ቅጽ ስንሞላ «የት ተማርሽ?» ለሚለው «ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ዲግሪዬ ከኋላው ተያይዟል። ጥበቃው ብልጥ ነው፤ የትውልድ ቦታ ላይ «እናቴ እዚያ ወለደችኝ» ብሎ አለፈ። ለጥንቃቄም ተክልን «ያ አረንጓዴው» ይለዋል። ተክል ስም እንጂ ግስ እንዳልሆነ ብነግረው፣ «አንቺ የምትናገሪው ሁሉ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ እባክሽ ዝም በይ» አለኝ። ተገብሮ የሚለው ቃል ራሱ በተ ስለሚጀምር ልክ እንደ ክፉ በሽታ «ያ ነገር» እንለው ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ደረሱበት። ሰዉ «ተቀመጥኩ» ማለት ቢያቅተው «ቁጭ አልኩ» ይላል። ወዲያው ሁለተኛ ማስታወቂያ አወጡ፦ «‹ቁጭ አለ› የዚያ ቃል መሸሸጊያ ስለሆነ እሱም ክልክል ነው።» አርባ ቅጂ ራሳቸው አነሡ።

በዚያው ቀን የፎቶ ኮፒው መስታወት ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ።

በደጉ ዘመን «ተሰበረ» ተብሎ፣ ተጽፎ፣ ተረስቶ ያልፍ ነበር። አሁን ዓረፍተ ነገሩ ሰባሪ ይፈልጋል፤ ሪፖርቱም ዓርብ መላክ አለበት። ሥራ አስኪያጁ ሰባሪው እስኪገኝ አልጠበቁም። ማሽን ንብረት ነው፣ ንብረት የንብረት ክፍል ነው፣ እንግዲያው «የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሰበረ» ብለሽ ጻፊ አሉኝ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ንብረት ሰብሮ ስሙ ዋናው መሥሪያ ቤት የደረሰ ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ይባረራል፤ መመሪያው እንደዚያ ነው። አጎቴ ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሰባት ሳምንት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ስቴፕለር አልጎደለችበትም። የምኖረውም እሱ ቤት ነው። ስሙ ጠፍቶ ከተባረረ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ስለ ትዳሬ ይመክረኛል። ነገሩ በሁለት በኩል ይመለከተኛል።

ሰባሪውን ያየች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ከግቢው በር ውጭ ወስዳኝ፣ ሁለቱም እግሮቿ አስፋልቱ ላይ መሆናቸውን አረጋግጣ ነገረችኝ። ሥራ አስኪያጁ ስለ «ቁጭ» የጻፉትን ማስታወቂያ እያባዙ ሳሉ የጫማቸው ክር ተፈታ። ሊያስሩት ማሽኑ ላይ ተቀመጡ። ቀጭ አለ። ክዳኑን አነሡ፣ አዩ፣ ከደኑ፣ ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ እንዲጠራ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ቆማ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ማሽኑ ላይ ይቀመጣሉ።»

«አልቀመጥም» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ምን ቆርጦኝ?»

«አይ፣ ባለፈው ማክሰኞ ነው የሚቀመጡት። ከዚያ ቀጭ ይላል።»

ወደ ጸሐፊዋ ዞር ብለው ትንቢት ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳይገባ አዘዙ። ሴትዮዋን ላብ አጠመቃት። «ሰበሩ» እንዳትል መስበሩን በዓይኗ አላየችም። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ወደ እኔ አየች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ፊቷ በራ።

«አረፉ» አለች። «ማሽኑ ላይ አረፉ።»

ጥበቃው ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ።

«አለሁ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ከስብሰባው የወጣው ብቸኛ ውሳኔ ሥራ አስኪያጁ በሕይወት መኖራቸው ነው። ሴትዮዋ ሁለተኛ አልናገርም ብላ መወልወያዋን ይዛ ሄደች።

አጎቴን ዕቃ ቤቱ ውስጥ በወረቀት እሽጎች መካከል ቆሞ አገኘሁት። ወንበር አለው፤ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ሁሉ መቆም ለምዷል። «ተዪው» ሊለኝ አፉን ከፍቶ መለሰው።

«እርሺው» አለ። «ጻፊና ላኪው። በዕድሜዬ ምንም ሰብሬ አላውቅም፣ እስቲ አንድ ቀን ልስበር። አንቺ በእኔ ምክንያት ሥራሽን እንዳታጪ።»

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን የምጽፈው እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሱስ ዎዝ የሌለው እንግሊዝኛ ምን ወዝ አለው ብለሽ ነው?» አለና የራሱን ቀልድ ራሱ ሳቀበት። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም።

ዓርብ ሪፖርቱን አቀረብኩ፣ ሁለት ገጽ ተኩል። ሥራ አስኪያጁ ቀይ ብዕራቸውን ከፍተው ዎዝን ፍለጋ ወረዱ። ገጽ አንድ፣ አንድም የለም። ገጽ ሁለት፣ የለም። ፊታቸው እንደ ሠርገኛ ፈካ። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ኮፒው ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ሰበረ ይላል፣ በእንግሊዝኛ። አድራጊው ከፊት፣ ግሱ ተከትሎ፣ የተደረገበት ከኋላ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚወደው። በእንግሊዝኛ መቀመጥ ተም የለው፣ ዎዝም የለው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ» አሉ፣ «ሌላ አጻጻፍ የለውም?»

«አለው። ያ ነገር ነው።»

«የንብረት ክፍሉንስ?»

«እሱን ያየ የለም። እርስዎን ያየ አለ። ከፈለጉ በእጅዎ ይጻፉት፣ እኔ አልጽፈውም።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን አዩ፤ አሁን ለቋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ተሰበረ ብለሽ ጻፊው» አሉ።

ከውጭ የጸሐፊዋ የመተየብ ድምፅ ቀጥ አለ። በቃል ብቻ እንደማልቀበል፣ ትእዛዙን በጽሑፍ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሪፖርቱን ገለበጡና ጀርባው ላይ አንድ ቃል ጽፈው ማኅተም መቱበት፦ ተፈቅዷል። ማን እንደፈቀደ አይልም።

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ጥበቃው አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ተቀመጥኩ» አለና ተቀመጠ። ጸሐፊዋ በዚያው ከሰዓት ከባሏ ጋር ታረቀች።

መልሱ የመጣው በሰባተኛው ሳምንት ነው። ገቢ ደብዳቤ የሚመዘግበው ንብረት ክፍል ስለሆነ መጀመሪያ ያየው አጎቴ ነው። ሪፖርቱን አመስግነው አንዲት ቀይ ክብ ብቻ እንዳደረጉበት፣ ከጎኗም «በማን?» ብለው እንደጻፉ ነገረኝ። የመጨረሻ ቀኑ ነበር፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየፈታ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ደብዳቤውን እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ጠፋ» አለኝ።

«ማን አጠፋው?»

«ጠፋ አልኩሽ እኮ። ተ የለችበትም፣ ዎዝ የለበትም፤ ራሱ ነው የጠፋው።» የመጨረሻዋን ቁልፍ አስቀመጠ። «ይልቅ ቦርሳሽን ያዢ፣ ሰልፉ እየረዘመ ነው።»