ሳር ላይ የተቀመጠው ቦርድ

እኔ የእግር ኳስ ክለብ ቦርድ ውስጥ የገባሁት ኳስ አውቄ እንዳይመስላችሁ። ሳሙናና ዘይት አከፋፋይ ነኝ፤ ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ አድጌ፣ ከአባቴ ሱቅ ወደ ራሴ ሱቅ የተሻገርኩ የስልጤ ልጅ። ነስረዲን ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። ለዳሞት ጮራ ክለብ አንድ ጊዜ ማልያ አለበስኩና «የነጋዴው ማኅበረሰብ ተወካይ» ተብዬ ቦርድ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ፈይሩዝ ወሬውን ስትሰማ «ያ ረቢ! ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እንኳ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ቦርዱ ውስጥ አብዛኛው ሰው ስለማያውቅ ግን አላፈርኩም።

ክለቡ ውስጥ ሥልጣን እንዴት እንደተከፋፈለ ልንገራችሁ። በመተዳደሪያ ደንቡ ከሄድን ቦርዱ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። ሥራ አስኪያጇ አሳየሽ ታስተዳድራለች። አሰልጣኙ ማን እንደሚሰለፍ ይወስናል። የደጋፊ ማኅበሩ ያጨበጭባል። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ሁሉንም የሚያደርጉት አንድ ሰው ነበሩ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ወልደመስቀል። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፣ ሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም.። እሳቸው ዞኑ ውስጥ ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው፤ መኪናቸው ስታልፍ ትራፊክ ፖሊሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የማልያ ቀለም ይመርጣሉ፣ የሆቴል ምግብ ይመርጣሉ፣ ቡድኑ በየትኛው በር እንደሚገባም ይመርጣሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ኳስ ከልባቸው ይወዳሉ፤ የቸገረውም እሱ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከአረካ ከመጣ ቡድን ጋር ስንጫወት ነው። አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። እኔ የዚያን ዕለት ቡድን መሪ ተብዬ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተጎልቻለሁ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ስልክ መያዝ። አቶ ወልደመስቀል ከክብር ትሪቡን ይደውላሉ፣ እኔ ለአሰልጣኙ አደርሳለሁ። ደወሉ። «ሻንቆ ይግባ» አሉ። ሻንቆ የሚወዱት አጥቂ ነው። የእህታቸው ልጅ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ውሸት ነው፣ በቃ ልጁን ወደውታል። ለአሰልጣኝ ጩማ ነገርኩት፤ ዝም አለኝ። እንደገና ደወሉ፤ እንደገና ዝም አለኝ። ሲደጋገም ደሜ ፈላና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት።

ጩማ ስልኩን ቀስ ብሎ ተቀበለኝ። ከዚያ ወጌሻው የተጎዱ ተጫዋቾችን የሚያብስበት የውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመረው። ወላሂ፣ ጨመረው! ዱባይ ያለ ዘመዴ የላከልኝ ኖኪያ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ሰጠመ። ስታዲየሙ በሙሉ አየ፤ ሕዝቡ እየጮኸ አጨበጨበ። ትሪቡኑም አየ። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ያኔ ግምገማ የማያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሰብሳቢው ይከፍታል፣ ተገምጋሚው ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌላው እጁን እያወጣ ይወርድበታል፣ በመጨረሻ ድምፅ ይሰጣል። ማለቂያው ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ጩማ ሊባረር ነው።

አሳየሽ በዋዜማው ሱቄ መጣች። አብራኝ የተማረች ስለሆነች አትደባበቅም። «ነስሩ፣ የጩማ ሚስት ኦቶና ሆስፒታል ተኝታለች። ጽንሱ አስቸግሯት ከአልጋ አትነሺ ተብላለች። የሚኖሩበት ቤት የክለቡ ነው፤ ከተባረረ ያንኑ ሳምንት ይለቃል። የሚወለደውን ልጅ ይዘው የት ይገባሉ? በዴሳ ያለው የአባቱ ጎጆ?» አለችኝ።

«የእኔስ ኖኪያ?» አልኳት።

«አንተ ሰው፣ አታፍርም?»

«አላፍርም!» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ተናድጄ ነበር። በአደባባይ መሳቂያ ያደረገኝ ሰው ነው። ቦርዱ ውስጥ ሦስቱ አባላት ሰብሳቢው ያሉትን ከማለት ሌላ ሥራ የላቸውም፤ የእኔ ድምፅ ሲጨመር ደግሞ ጩማ አለቀለት ማለት ነው። የምናገረውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

በቀጠሮው ሰዓት ስንደርስ አዳራሹ ተቆልፏል። ዘበኛው ቦልቴ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከቶ በዴሳ ለቅሶ ሄዷል። አቶ ወልደመስቀል ፊታቸው ጠቆረ። ሹፌራቸው ሄዶ ያምጣ ቢባል ይመሻል። ወደ ሌላ ቢሮ እንሂድ ቢባል ቅዳሜ ነው፤ ሁሉም ዝግ ነው። በመጨረሻ አሳየሽ «ጋሼ፣ ከሜዳው ጀርባ ሳሩ ደረቅ ነው። እዚያ ብንቀመጥስ?» አለች። ሙሉ ልብሳቸውን አዩት፣ ሳሩን አዩት፣ ሰዓታቸውን አዩ። ተቀመጡ። እኛም ዙሪያውን ተቀመጥን።

አዳራሹ ውስጥ ቢሆን መድረክ አለ፣ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፤ ማን ከማን እንደሚበልጥ ገና ሲገባ ይታወቃል። ሳር ላይ ግን ክብ ሆነን ስንቀመጥ ራስጌውና ግርጌው የት እንደሆነ ጠፋኝ። ከመካከላችን የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀመንበር አዋ ኤርሳዶ ነበሩ። አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው፤ ሶዶ ውስጥ ትንሽ ትልቁ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ቦርድ ላይ መናገር ይችላሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም። ከዘራቸውን ሳሩ ላይ አጋድመው ዝም ብለው ይሰማሉ።

አቶ ወልደመስቀል ከፈቱ። የዲሲፕሊን ግድፈት፣ የበላይ አካልን መናቅ፣ የክለቡን ገጽታ ማበላሸት፤ ሁሉንም አወረዱት። ከዚያ «ተገምጋሚው ግለ ሂስ ያድርግ» አሉ።

ጩማ ተነስቶ ቆመ። «ስልኩን ባልዲ ውስጥ መክተቴ ነውር ነው። አቶ ነስረዲንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሻንቆን ያላስገባሁት ግን ጉልበቱ አብጦ ነው። አትናገርብኝ ብሎ ስለለመነኝ ያን ዕለት አልተናገርኩም» ብሎ ተቀመጠ። ስለ ሚስቱ ቃል አልተነፈሰም።

«አስተያየት ያለው?» አሉ ሰብሳቢው። እጄን ላወጣ ስል አዋ ኤርሳዶ ቀደሙኝ። በወላይትኛ ነበር የተናገሩት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«አዋ፣ እርስዎ ድምፅ የለዎትም እኮ።»

«ድምፅ አልፈለግኩም። ይህ ልጅ ንቋል ተባለ። የተናቀው ማን ነው?»

«ወንበሩ ነው። የሰብሳቢው ወንበር።»

አዋ ኤርሳዶ ዙሪያውን ተመለከቱ። «ወንበር አይታየኝም። የተናቅኸው አንተ ነህ። እንግዲያው ባለጉዳዮቹ ሁለት ናችሁ፤ አንተና እሱ። በሉ ገለል በሉልንና እንነጋገርበት።»

ይህን ለማያውቅ ልንገር። ወላይታ ገጠር ውስጥ ዱቡሻ የሚባል አለ። ሰው ሜዳ ላይ፣ ሳር ላይ ክብ ሠርቶ ጉዳይ የሚያይበት ቦታ ነው። እዚያ የራሱ ጉዳይ የሚታይ ሰው አብሮ አይቀመጥም። ከሳሽም ተከሳሽም ተነስተው ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ሲጨርሱ ይጠሯቸዋል። ሀብታም ነኝ፣ ባላባት ነኝ አይሠራም። እኔ ወደ ገበያ ስመላለስ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ግን ያ ዱቡሻ ነው፤ ይሄ የክለብ ቦርድ ነው! ደንብ ያለው፣ ቃለ ጉባኤ ያለው። አቶ ወልደመስቀል ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወይም ይቆጣሉ። ስንቱን ስብሰባ የመሩ፣ ስንቱን ሰው በአንድ ቃል ያስነሱና ያስቀመጡ ሰው ናቸው።

ተነሱ።

ሱብሐነላህ! አይኔ እያየ ተነሱ። መዳፋቸውን ሳሩ ላይ ደግፈው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ የሱሪያቸውን መቀመጫ አራግፈው። ጩማም ተነሳ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሜዳው ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ መሄድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ አቶ ወልደመስቀል ቆም አሉና ዞረው አዩን። ምን እንዳደረጉ ያኔ የገባቸው መሰለኝ። የሚመራው ሰው ወጥቶ ስብሰባው ተቀምጧል። አንድ ሰው «ይመለሱ ጋሼ» ቢላቸው ይመለሱ ነበር። ማንም አላላቸውም። ፊታቸውን መልሰው ሄዱ። መሣሪያ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ቃል ብቻ።

አዋ ኤርሳዶ አንድ በአንድ ጠየቁን። ሦስቱ የሰብሳቢው ሰዎች መጀመሪያ ዓይናቸው ባሕር ዛፉ ላይ ቀረ፤ ምን በሉ እንደሚባሉ የሚነግራቸው አጡ። ከዚያ አንደኛው፣ «ሰብሳቢያችን እንዳሉት» ከማለት ሌላ ቃል ሰምቼው የማላውቀው ሰው፣ ጉሮሮውን ጠራረገና «እኔ እንኳ... ልጁ ጉልበቱ አብጦ ከነበረ አሰልጣኙ ምን ያድርግ?» አለ። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ራሱም ደነገጠ። ሌላኛው ቀጠለ። ሦስተኛውም።

ተራዬ ደረሰ። አሳየሽ አፈጠጠችብኝ። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ኦቶና የተኛችው ሴት ትዝ አለችኝ።

«ጩማ ይቆይ» አልኩ። «ኖኪያው እንደሆነ ደርቆ ይሠራል።»

አልሠራም። እስከ ዛሬ አልሠራም።

ተጠርተው መጡ፤ ቆሙ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወግ አለ። ባለጉዳዩ ፍርዱን ከመስማቱ በፊት ነው እቀበላለሁ የሚለው። ምን እንደተወሰነ ሳያውቅ።

«የምንለውን ትቀበላላችሁ?» አሉ አዋ ኤርሳዶ።

«እቀበላለሁ» አለ ጩማ።

አቶ ወልደመስቀል ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እያንዳንዳችንን አዩን። ሦስቱ ሰዎቻቸው ጋ ሲደርሱ ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል። ያኔ «ተውኝ እባካችሁ፣ ይሄ የመንግሥት ክለብ ነው» ብለው መኪናቸው ውስጥ ቢገቡ ማን ይይዛቸዋል?

«እቀበላለሁ» አሉ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ጩማ ይቆያል። ሜዳው የአሰልጣኙ ነው፤ ከትሪቡን ቃል አይወርድም። ጩማ ደግሞ ታላቁን ሰው በሕዝብ ፊት አሳፍሯልና ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ጩማ ጎንበስ ሲል አቶ ወልደመስቀል ጉልበታቸው ሳይደርስ ትከሻውን ይዘው አነሱት። አዋ ኤርሳዶ መረቁን። ሰብሳቢያችን ባርኔጣቸውን አውልቀው መላጣቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ እኔ ሙስሊሙም ባንድ አፍ «አሜን» አልን።

ሰኞ ጠዋት ግን ፍርሃቴ ተመለሰ። እሑድ አልፏል፣ ሰውየው ቢሯቸው ገብተዋል፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ይሽሩት ይሆን? እንቅልፍ ስለነሳኝ ሄድኩ። አስገቡኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ምንም የለም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ነስሩ፣ አሁንም ላባርረው እችላለሁ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «አንድ ስልክ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተነሳሁ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባቴ ዱቡሻ ላይ ጉዳይ ከሚያዩት አንዱ ነበር። የገዛ ወንድሙ በድንበር ሲከሰስ፣ ጉዳዩ የቤቴ ነው ብሎ ተነስቶ ወጣ፤ ወንድሙም ተረታ። እናቴ ለምን ወጣህ ብላ ስትጮህበት አንድ ቃል አልመለሰላትም። እራቱን በላ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሞኝ ነው አልኩት በልቤ።» ጫማቸውን አዩት። «ቅዳሜ ዕለት እኔ ለመነሳት አላሰብኩም። እግሬ ነው የተነሳው።»

«አልሐምዱሊላህ በሏ» አልኩ።

«ከሰዓት ከላይ ተጠርቻለሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ስብሰባ መምራት ያቃተው ብለው ያነሱኛል መሰለኝ።»

«ምን ይሏቸዋል?»

«ስብሰባው ወሰነ እላለሁ።»

«እርስዎ የት ነበሩ ቢሉዎትስ?»

«ባሕር ዛፉ ሥር፣ ከጩማ ጋር።» ድንገት ቀና ብለው አዩኝ። «ሚስቱ ሆስፒታል መተኛቷን እዚያ ቆመን ነው የነገረኝ። ልጁ ይተርፍ አይተርፍ አይታወቅም አለኝ። አንተ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

«አሳየሽም?»

«አሳየሽም።»

«የቦርዱ ሰዎችስ?»

«ሁሉም ያውቁ ነበር።»

«ከቤቱ ላስወጣው ነበር እኮ፣ ነስሩ። ሁሉንም የምወስነው እኔ ነኝ፤ ይህን የነገረኝ ሰው ግን የለም። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ማን ደፍሮ፣ አቶ ወልደመስቀል?» አልኳቸው።