የመለኪያው ልብስ

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። እናንተም በየወሩ የሚመጣልኝን የመብራት ቢል ብታዩት ትቆጡ ነበር። ዳቦ ቤት አለኝ፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ማቡኪያ ማሽን፣ ሦስት ሠራተኛ ነበረው። ከተማችን ተራራ ላይ ስለሆነች መስመሩ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ በዚህ ሰበብ ከታች ካሉት ከተሞች እጥፍ እንከፍላለን። አምና አንዱን ምድጃ ዘጋሁ። ሁለተኛው ከተዘጋ ዳቦ ቤቱ አለቀለት ማለት ነበር፤ እኔም ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ የምጀምርበት ጉልበት የለኝም።

ፀሐይዋ ደግሞ ጉድ ናት። ለሰማይ ቀርበናል መሰለኝ፣ ጠዋት ከወጣች እስክትጠልቅ ትለበልበናለች። የጓሮው ቆርቆሮ ላይ ሊጥ ቢዘረጋ ይበስላል፤ አንድ ቀን ተናድጄ ሞክሬዋለሁ።

ታዲያ የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ ከመብራቱ ዋና መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። የከተማዋ ፀሐይ ዓመት ሙሉ ይለካል፣ ከበቃ የሶላር ጣቢያ ይሠራል፣ ታሪፉም በግማሽ ይወርዳል አለች። መለኪያው የሚቀመጥበት ቤት ሲፈለግ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰገነታችን ላይ ምንም የሚያጠላ ነገር የለም። መለኪያው ሲያዩት ይህን ያህል አይደለም፤ ነጭ ሳህን የሚያህል ነገር ነው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የብርጭቆ ጉልላት ያለው። ቁጥሩ የሚጠራቀመው ታች ደረጃው ሥር ባለች ሳጥን ውስጥ ነው።

"አባባ፣ ከአቧራና ከወፍ ይጠብቁልኝ። በጣም ውድ ዕቃ ነው፣ አደራ" ብላ ለባለቤቴ አስረከበችው።

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረበትም። ቤታችን ውስጥ ያልተሸፈንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፤ ፍሪጁ ልብስ አለው፤ የሶፋውን ቀለም ያየ እንግዳ የለም። ሰፈሩ "ጋሽ ክዳን" ይለዋል፤ እሱም ሙገሳ መስሎት ደስ ብሎት ይዞራል። ልብሶቹን የምሰፋው እኔ ነኝ። ወርድና ቁመቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጠኛል፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ከተውኩ ቆየሁ። ስስ ነገር ስለማልወድ ሁሌም ድርብ አድርጌ ነው የምሰፋው።

ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዓመቱን ሙሉ ሰገነቱ ላይ አልወጣሁም። እሱ ግን በየማለዳው ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ይወጣል።

"መለኪያው ደህና ነው?" እለዋለሁ።

"እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው" ይለኛል።

እውነቴን ነው፣ ኮራሁበት።

ዓመቱ ሲሞላ አንድ ሾፌር መጥቶ ሳጥኗን ወሰደ። ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ የከተማችን ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆነው ፀጉር አስተካካይ አደባባይ ላይ ቆሞ አነበበልን። "ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ በጥቅጥቅ ደመና የምትሸፈን በመሆኑ ለሶላር ኃይል ተስማሚ ሆና አልተገኘችም" ይላል። እያነበበ ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ግማሹ ሰው ጃንጥላ ዘርግቷል፣ የቀረው ጃንጥላ የያዘ ፍለጋ ይገፋፋል።

ደሜ ፈላ። ይሄ ሆን ተብሎ ነው፣ ከታች ያሉት ከተሞች ጉቦ ሰጥተው ነው፣ መለኪያውም የተበላሸ ነው አልኩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣን ሁሉ ሳላስፈርም አልሸጥኩለትም። በሦስት ቀን አራት መቶ ፊርማ ሞላ። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ዓይን ያወጣ ውሸት" የሚለውን ሁለት ቦታ አስገባሁት።

ኢንጂነሯ ራሷ መጣች። ፀጉር አስተካካዩ ፊርማውን በክንዱ ታቅፎ ተከተላት፤ እኔም በዚያ ጉልበቴ የደረጃውን መደገፊያ እየያዝኩ ወጣሁ፤ ሲያፍሩ ማየት ነበረብኛ።

ሰገነቱ ላይ ባለቤቴ ቀድሞን ቆሟል፤ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ። መለኪያው አልታየኝም። የታየኝ ነጭ ልብስ ነው፤ ዳሩ በሰማያዊ ክር የተዘመዘመ፣ ከሥሩ ላስቲክ የገባለት። የገዛ ስፌቴን አወቅኩት። መደገፊያውን ለቅቄ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ይሄ ምንድን ነው አባባ?" አለች ኢንጂነሯ።

"ልብሱ ነዋ ልጄ። አደራ ብለሽኝ የለም? ማለዳ አለብሰዋለሁ። ማታ አቧራውን አራግፌ፣ አየር እንዲያገኝ ገልጬ አሳድረዋለሁ።" ደረቱን ነፋ። "ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ አልነካውም።"

ፀጉር አስተካካዩ አራት መቶውን ፊርማ አጥፎ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኢንጂነሯ ልብሱን ገለጠች፣ መልሳ አየችው፣ ከዚያ በቀስታ ተናገረች። "እንደገና አንድ ዓመት መለካት አለበት። ምክንያቱንም መጻፍ አለብኝ። ማን ሸፈነው ብዬ ልጻፍ?"

ባለቤቴ ያን ጊዜ ገባው። መጀመሪያ ፀሐይዋን አየ፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ሠላሳ ዓመት አንድ ብርጭቆ ያልተሰበረበት ሰው። በንዴት እንቅ ላደርገው ነበር የተነሳሁት፤ ግን አንጀቴን በላው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ሸፍነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። የእኔን ስም ጻፊ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ድርብ ያደረገችውም እሷ ናት" አለ ለኢንጂነሯ። "እኔ ነጠላ ይበቃል ብያት ነበር።"

አሁን መለኪያው እንደገና ጀምሯል። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ጥላው እንዳያርፍበት ከፀሐይዋ ጋር ወንበሩን እያዞረ ቆዳው ተልጧል። ምድጃው ግን ዓመት አልጠበቀኝም፤ ባለፈው ሰኞ ሁለተኛውንም ዘጋሁት፣ ሠራተኞቹን አሰናበትኩ። ትናንት ባለቤቴ ወርድና ቁመት የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የምድጃዬን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቁጭ ብዬ ሰፋሁለት።