ስምንቱም ሲሠሩ

"አሁን ነዳጁን ልቀቀው፤ በራሱ ይሥራ" አሉ አቶ ማርቆስ።

ፍሬገነት የባሏን ስልክ ከተከፈተው ኮፈን ሥር፣ ከሞተሩ በላይ ዘርግታ ያዘች። ባሏ ዱካሞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣ። አማቷ አቶ ማርቆስ ሆሳዕና ከተማ ሆነው በስልክ የሚከታተሉት በጆሯቸው ብቻ ነው። ቪዲዮ ይክፈቱ ሲባሉ "ሞተር ይሰማል እንጂ አይታይም" ይላሉ። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው።

ዱካሞ ይህን አሮጌ ሙስታንግ መኪና በስደት አገሩ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ ከአንድ ሰው ጓሮ ሲያነሣው፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው። ቶኮዛ ያለውን ሱቁን ዘግቶ በተመለሰ ቁጥር፣ ትሮይቪል ባለው የኪራይ ግቢያቸው ከመኪናው ሥር ይጋደማል። ወገቡ ታሟል፤ አውራ ጣቱ ተቃጥሏል። ፍሬገነት አንድ ቃል ብቻ አስገብታዋለች፤ ሞተሩ የተስተካከለ ዕለት መኪናው ይሸጣል። ያኔ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ተፋፍገው ከሚተኙባት አንድ ክፍል ይወጣሉ። ገዢው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቤኖኒ ይመጣል።

"ሚኒሞው ጥሩ ነው፤ ነዳጅ ሳይሰጠውም አይንገጫገጭም" አሉ አቶ ማርቆስ። "ስምንቱም ሲሊንደሮች ይሠራሉ።"

"በደንብ ሰምተዋል አባዬ?"

"ጆሮዬ ካንተ ዕድሜ በላይ ሞተር ሰምቷል። ፍሬገነት፣ ይህ ሰውዬ እንዲህ እጁ ይፈታል ብለሽ ነበር?"

"እኔ እንጃ አባባ። ለእኔ ኬትል እንኳ ጠግኖልኝ አያውቅም።"

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ "እንግዲህ አለቀ" አሉ።

ዱካሞ መሪውን በጣቱ ዳበሰ።

"ጭንብል ያደርጋሉ?" አለ።

"አደርጋለሁ። እናንተስ?"

"እናደርጋለን። ቸርች እንደገና ተዘግቷል።"

"እዚህም ሰው ይፈራል።"

ፍሬገነት ከመኪናው በፊት የነበሩትን እሑዶች አስታወሰች። አባትና ልጅ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ይዘጉ ነበር፤ አሁን ግን በየእሑዱ ስለ ሞተሩ ሲያወሩ ይቆያሉ። ከተያዩ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ዱካሞ ባለው የጥገኝነት ወረቀት ከአገር ከወጣ መመለስ አይችልም። አምና አውሮፕላን ማረፊያው በወረርሽኙ ሲዘጋ ጎረቤቶቻቸው ሲያለቅሱ፣ እሱ ካርቡራቶር ያጥብ ነበር።

"በል፣ ካርድህን አትጨርስ" አሉ አቶ ማርቆስ። "ለበዓል እንደዋወላለን።"

ዱካሞ ከመኪናው ወረደ። ከኪሱ ቅባት የጠጣ ጨርቅ አውጥቶ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። ለመጨረሻው ሲሊንደር ብልጭታ የሚሰጠውን የካንዴላ ገመድ በጨርቁ ይዞ ነቀለው። ሞተሩ ተንገጫገጨ፤ መቆራረጥ ጀመረ።

"ቆይ አባዬ፣ አይዝጉት። ይስሙት እስቲ።"

"አንዱ ቆመ" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ቀና ብሏል። "ቅድም እኮ ይሠራ ነበር። አየህ፣ እንዲህ ያለው ነገር በችኮላ አይሆንም። መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥተህ ቀለሙን ንገረኝ። የቀረውን እሑድ እናየዋለን።"

"እሺ አባዬ።"

ዱካሞ ገመዱን እንደጨበጠ ቀረ። ወደ ሚስቱ አላየም።

ፍሬገነት የአማቷን ድምፅ የያዘውን ስልክ ከሞተሩ ላይ አላነሣችም። በሌላው እጇ የራሷን ስልክ ከሹራቧ ኪስ አወጣች። የገዢውን ቁጥር ፈልጋ፣ በአንድ አውራ ጣት ቀስ እያለች ጻፈችለት፦ ይቅርታ፣ ዛሬ አይምጡ። አንዱ ሲሊንደር አይሠራም።