የዳልቻዋ በቅሎ ልክ

ኮርቻ ሰፊው ኢስሃቅ አንድን በቅሎ ሁለት ጊዜ ለክቶ አያውቅም። ከወሎ መጥቶ አራዳ ገበያ ዳር ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመቱ ነው። የደንበኛውን በቅሎ ጀርባ በገመድ ይለካና ቋጠሮ ቋጥሮበት ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው ገመዱን ነው። የቀድሞ ሠራተኛው ካላዩ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ለእያንዳንዱ ኮርቻ እንደገና ይለካል ሲሉት፣ «የሚረሳ ሰው ነዋ ደጋግሞ የሚለካ» ይላል። ካላዩ ትቶት ሲወጣ ኢስሃቅ ደህና ሁን እንኳ አላለውም።

ያን ዓመት የቀሩለት ደንበኛ ወይዘሮ የሺዓለም ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ ገሚሱ ኦቶሞቢል ገዝቷል፣ ገሚሱ ካላዩ ዘንድ ሄዷል። ወይዘሮዋ አሮጌው ኮርቻቸው ቢያልቅ ለጊዮርጊስ ንግሥ የሚደርስ አዲስ አዘዙ።

«አፍንጮ በር ወጣ ብለህ በቅሎዋን እያት» አለችው ሚስቱ ዐፊፋ።

«ገመዷ አለ አይደል?»

«አለ። አራት ዓመት የሆነው ገመድ።»

«እዚያ ደጅ ተመልሼ አልቆምም።»

ከአራት ዓመት በፊት ወይዘሮዋ ቤት ሊለካ ሄዶ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ገትረውታል። ከእሱ ኋላ የመጣው የሐር ነጋዴ ግን ቀጥ ብሎ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይረሳው ነበር። ኢስሃቅ ግን ይቅርታ ያልጠየቀውን ሰው መርሳት አያውቅበትም። በገመዱ ሠራው፤ ኮርቻውም አምሮ ወጣ።

ከንግሡ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የወይዘሮዋ በቅሎ ጠባቂ አባይነህ ዳልቻዋን በቅሎ እየሳበ፣ ኮርቻውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ መጣ።

«ደህና ዋልክ?» አለው ኢስሃቅ።

«እኔስ ደህና ነኝ ጋሽ ኢስሃቅ። ይልቅ እሷን ይጠይቋት።»

በቅሎዋ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ገጣባ ወጥቶባታል።

«ቤተ ክርስቲያኑ ሳንደርስ አልሄድም ብላ ቆመች» አለ አባይነህ። «እመይቴ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ወርደው በእግራቸው ሄዱ። ካላዩም ሱቁ ደጅ ቆሞ ያይ ነበር።»

«ሳቀ?»

«አልሳቀም። ጀርባዋን ነው ያየው።»

ቢስቅ ይሻለው ነበር። ኢስሃቅ ገመዱን ከግድግዳው አውርዶ ኮርቻው ላይ ዘረጋው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ገጠመ።

«ይኸው፣ ልኳ ነው። እናንተ ናችሁ ገብስ እያጎረሳችሁ ያበላሻችኋት።»

«ሲለኳት ገና ለጋ ነበረች እኮ። አራት ዓመት ሙሉ ስትበላ ከርማ ምን ትሁን? እኔስ የዚያን ጊዜ ሱሪዬ ዛሬ ከጉልበቴ ያልፋል?»

«አሮጌው ኮርቻ ታዲያ ለምን አልጎዳትም?»

«አሮጌውማ አብሯት እየላላ፣ አብሯት ሰፋ።»

ኢስሃቅ ገመዱን ከኮርቻው ላይ አንስቶ ጠቀለለው።

«ዛሬ ጠዋት ካላዩ ለክቷታል» አለ አባይነህ መሬት መሬቱን እያየ። «ቁስሏ ሲድን እሱ ይሠራል። እኔ ይሄን መልስ ተብዬ ነው።»

ኢስሃቅ በቅሎዋን ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋ። ገና ሳይነካት ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብሎ፣ ቁስሉን ሳይነካ ለካት። ገመዱ አራት ጣት አጠረ። ዐፊፋ ሳትታዘዝ ለብ ያለ የጨው ውሃ አመጣች፤ እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ አጠበላት። አንዴ ስትራገጥ ለጥቂት ሳተችው።

«ለእመይቴ ምን ልበልልዎ?» አለ አባይነህ፣ ሊሄድ ሲነሣ።

ኢስሃቅ ጨርቁን ጨመቀ። ደግሞ ጨመቀው።

«ሳይለካ ነው የሠራው በል። ኢስሃቅ ተሳስቷል በላቸው።»

«እነግራለሁ። ግን ሐሳባቸውን የሚለውጡ አይመስለኝም።»

«እንዲለውጡ ብዬ አይደለም።»

አባይነህ በቅሎዋን ይዞ ወደ አፍንጮ በር ወጣ። ኢስሃቅ ኮርቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠፍሩን በቢላ ይተረትር ጀመር። ለስንት ቀን የለፋበት ስፌት ነው።

«ለማን ልትሠራው ነው?» አለች ዐፊፋ።

«እንጃ።»

«ታዲያ ለምን ትፈታዋለህ?»

ቀና ብሎ አላያትም። ከእንጨቱ ላይ ቆዳውን እየገፈፈ፣ «እንዲህ ሆኖማ ለማንም አይሆንም» አላት።